«ማሽኑ ነው የሚሠራው» ሲሉኝ

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳን። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የጨበጥኩት የኪራይ ዕቃ ላይ ምልክት ለማድረግ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ጸሐፊ ልሁን ብዬ ሳይሆን ስለተናደድኩ ነው። ይበርድልኛል ብዬ አራት ወር ጠበቅኩ። አልበረደልኝም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ዓይን አፋር ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ቀን ከሰፈሬ አልፌ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመልሻለሁ። ሱቅ ገብቼ ሻጩ «ምን ልስጥሽ?» ካላለኝ አልናገርም። ሰው ሲያየኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። የድሬ ልጅ እንዲህ አይሆንም ይሉኛል። እኔ ግን እንዲህ ሆኜ ተፈጠርኩ፤ ምን ላድርግ?

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለሰርግ ሞንታርቦና ማይክ የሚያከራይ፣ ሙዚቃም የሚያቀርብ ሰው ጋ ነበር የምሠራው። ጋሽ ደረጄ ይባላል። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው፤ እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ብጽፍ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ሥራዬ ሱቁን መጥረግ፣ ገመድ መጠቅለል፣ ሰርግ ሲኖር አብሬ ሄጄ ዕቃ መጠበቅ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ሰው ያባርራል፤ የሱቁ በር ገርበብ ይላል፣ ወንዶቹ ወደ በርጫቸው ይሄዳሉ፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ማንም አይመጣም። እነዚያ አራት ሰዓቶች የእኔ ነበሩ።

ጋሽ ደረጄ ከጅቡቲ ባስመጣው አሮጌ ዕቃ መሃል አንድ ማሽን ነበር። ስሙ ግሩቭቦክስ ነው አሉ፤ እኛ «ሣጥኗ» ነበር የምንላት። ስፋቷ የተከፈተ ደብተር ያህላል። ከታች አሥራ ስድስት ቁልፎች አሏት፤ ሲጫኗቸው ይበራሉ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጭብጨባው፣ ክራር የሚመስለው ድምፅ ሁሉ ውስጧ ነው። ጋሽ ደረጄ ሁለት ቀን ታገላትና «አቦ ይቺ የእብድ ዕቃ ናት» ብሎ መደርደሪያ ላይ ጣላት። አቧራዋን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ስጠርጋት ሶኬት ላይ ሰካኋት።

እንዴት እንደለመድኳት ብናገር ረጅም ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ መጽሐፏም በማላውቀው ቋንቋ ነው። ማስቀመጥ ሳላውቅ የመጀመሪያ ዘፈኔን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ እንደገና ሠርቻለሁ። አሠራሯ እንዲህ ነው። አሥራ ስድስቱ ቁልፎች አሥራ ስድስት እርምጃዎች ናቸው። ከበሮው የትኛው እርምጃ ላይ እንደሚወድቅ፣ የትኛው ላይ ዝም እንደሚል አንድ በአንድ ትወስናላችሁ። ከዚያ ቤዙን፣ ከዚያ ጭብጨባውን። አንድ ቁራጭ ይወጣላችኋል። ሌላ ቁራጭ ትሠራላችሁ፤ መግቢያ፣ መሃል፣ ማድመቂያ፣ መዝጊያ። መጨረሻ ላይ ቁራጮቹን በተርታ ትደረድሯቸዋላችሁ፤ አንድ ጊዜ ከተጫናችሁ ዘፈኑ ከመግቢያው እስከ መዝጊያው በራሱ ይሄዳል። ቅንብር ማለት ይሄ ነው። ለአንድ ዘፈን አንዳንዴ ሁለት ወር ይፈጅብኝ ነበር። በሁለት ዓመት አሥራ አንድ ዘፈን ሠራሁ።

ደስ የሚለኝ ምኑ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁሉም ነገር አስቀድሞ ማለቁ። ሰርጉ ላይ አንድ ጊዜ ተጭኜ ከሞንታርቦው ጀርባ እቀመጣለሁ። ማንም አያየኝም። ሰው ይጨፍራል፤ እኔ ከጀርባ ሆኜ ማድመቂያው ሊገባ ስንት ምት እንደቀረው እቆጥራለሁ፤ ሲገባና እልልታው ሲቀልጥ ለብቻዬ እስቃለሁ።

አሁን ወደ ኪሩቤል ልምጣ። ኪሩቤል የኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው፤ ከደሴ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁመናው ያምራል፣ ወሬው ያምራል። ሣጥኗን ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር።

«ፈቲያ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሰርዲን ልትከፍቺልን ነው?» ይለኛል። «ይሄ እኮ የቆርቆሮ ምግብ ነው። ሙዚቃ ማለት ላይቭ ነው። እዚያው ቆመሽ፣ ሕዝቡን እያየሽ፣ ከእጅሽ የሚወጣ! አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ትጫኛለሽ። ማሽኑ ይሠራዋል።»

ነገር ግን በየሰርጉ የሚደለቀው የእኔ ቅንብር ነው። እሱ ከላዩ ኪቦርዱን በሁለት ጣቱ እየነካካ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ወደ እሱ ያዞራል። ጋሽ ደረጄም ለጠየቀው ሁሉ «የኪሩ ቅንብር ነው» ይላል። ሁለት ዓመት ሰማሁ፣ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ያ ቀን እሑድ ነበር። ጠዋት ዕቃ ስንጭን ጋሽ ደረጄ ሣጥኗን እያሳየ ለኪሩቤል «ነገ ይሄን ባዶ አድርገው» አለው። «ሞልቷል አይደል የምትለው? በውስጡ ያለውን አጥፋና የራስህን ነገር አስገባበት።»

እጄ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ። ዘፈኖቹ ሌላ የትም የሉም። ቁራጮቹን እንዳሉ የማስቀምጥበት ሌላ ዕቃም አልነበረኝም።

«ጋሼ...» አልኩ።

«አቤት ፈቲ።»

«ዘፈኖቹ... ሌላ ቦታ አልተቀመጡም እኮ።»

ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የበለጠ የሚያናድደው። «አንቺ ደግሞ! ማሽኑ አለ አይደል? ድጋሚ ይሠራዋል።»

ኪሩቤልም ሳቀ። እኔ ገመዱን አንስቼ ጠቀለልኩ። ዕቃውን ጭነን ሳቢያን ሜዳው ላይ ወደተተከለው ድንኳን ሄድን።

ሰርጉ ትልቅ ነበር። ሙሽራዋ የከተማ ልጅ ናት፤ የሙሽራው ዘመዶች ደግሞ ከጀልዴሳ ገጠር በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው ዘፈኔ ሁሉም ደህና ሄደ። እኔ ግን ስቄ መስማት አልቻልኩም። አንዱ ባለቀ ቁጥር «ይሄም ነገ የለም» እያልኩ ነበር የምሰማው።

ከዚያ ከጀልዴሳ የመጡት ሰዎች ሸጎዬ ይመታልን አሉ። ሸጎዬ የእኛ የምሥራቁ የኦሮሞ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ወንድና ሴት ትይዩ ቆመው አንገታቸውን እያወዛወዙ ይጫወቱታል። የሚያወጡት አዮ ዘሀራ የሚባሉ የሙሽራው አክስት ነበሩ፤ አዮ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ስድሳ ዓመት ያልፋቸዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በእጃቸው ዘንግ የያዙ ሴት ናቸው። ማይኩን ተቀብለው ሲቆሙ ድንኳኑ ሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

ሣጥኗ ያን ቀን ከኪሩቤል አጠገብ ነበረች፤ ሰባተኛውን ዘፈኔን እሱ ተጫነ። ለሸጎዬ ብዬ የሠራሁት ነው። ያወጣው ሰው ቃሉን እስኪጨርስ ብዬ ስምንት ምት ክፍት ቦታ ትቼለት ነበር። ለእኔ ስምንት ምት በቂ ነበር። ሱቅ ውስጥ ለብቻዬ እያንጎራጎርኩ ለክቼዋለሁ፤ በልክ ይደርሳል።

አዮ ዘሀራ አወጡ። የሙሽራዋን አባት አነሱ፣ የእሱን አባት አነሱ፣ ወደ አያትየው ሲሻገሩ ስምንቱ ምት አለቀና ከበሮው ድው ብሎ አፋቸው ላይ ወደቀ። ቆሙ። ሣጥኗ ትሄዳለች። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና መሃል ላይ ቆረጠቻቸው። ከወጣቶቹ አንዳንዱ ሳቀ። አዮ ዘሀራ ወደ እኛ ዞረው በዘንጋቸው እየጠቆሙ ጮሁ፤

«ዴቢሲ!»

ጋሽ ደረጄ ኦሮምኛ የሚችለው ለሥራው ያህል ነው። ይህን ቃል አሳምሮ ያውቀዋል፤ ገጠር ዕቃ ሲያከራይ በስልክ የሚጮኸው እሱን ነው፤ ዴቢሲ፣ መልስ፣ ዕቃዬን መልስ። ስለዚህ ወደ ኪሩቤል ዞሮ «መልሰው እያለች ነው! ከመጀመሪያው መልሰው!» አለ።

ኪሩቤል ከመጀመሪያው አስነሳው። መግቢያው በዋሽንትና በጭብጨባ ጩኸት ነው የሚጀምረው፤ ሴትዮዋ አፋቸውን እንደከፈቱ ጩኸቱ አፈናቸው።

«ዴቢሲ!» አሉ አሁንም፣ ዘንጉን መሬት እየመቱ።

«መልሰው ነው እኮ የምትልህ፣ አትሰማም?» አለ ጋሽ ደረጄ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ተነሣ።

ከጀልዴሳ የመጡት ወንዶች ተነሥተው ቆሙ። የሙሽራው አጎት፣ ሽበት የወረሳቸው ትልቅ ሰው፣ ወደ እኛ መጡ። «እናንተ ሰዎች፣ እናታችንን ልትሰድቧት ነው የመጣችሁት? ሦስቴ አፏን ዘጋችኋት!»

«ኧረ አጎቴ፣ በፍጹም፣ ራሷ እኮ ናት መልሱ ያለችን...» አለ ጋሽ ደረጄ።

«አጥፉት ይሄን ቆርቆሮ!»

ኪሩቤል ዘፈኑን አቆመው። ጋሽ ደረጄ ላቡን እየጠረገ ለኪሩቤል «በል በእጅህ ምታ፤ ላይቭ ነኝ ትል የለ!» አለው። ኪሩቤል ኪቦርዱ ላይ ጀመረ። አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሲጨነቅ ማየት አልወድም፤ ግን እውነቱን ልናገር። ሸጎዬ አልነበረም። ያለ እኔ ከበሮ አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ሰው በምን እንደሚያጨበጭብ ጠፋው፤ እግር ከእግር ተጋጨ። ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች። አባቷ ፊታቸው ጠቆረ።

እኔ ከሞንታርቦው ጀርባ ነኝ። ሴትዮዋ ያሉት ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ገብቶኛል፤ እናቴ ኦሮሞ ናት፣ በዚያ ቋንቋ ነው የተቆጣችኝ። ዴቢሲ ማለት ዕቃ መልስ ማለትም ነው፤ ለተናገረህ ሰው መልስ ስጥ ማለትም ነው። በአማርኛችንም ያው አይደለም? «መልሺ» ሲሉን የተዋስነውንም እንመልሳለን፣ የጠየቁንንም እንመልሳለን። አዮ ዘሀራ «ከመጀመሪያው አስነሱት» አላሉም። «እኔ ስጨርስ መልሱልኝ፤ ተቀበሉኝ» ነው ያሉት።

ወደ ጋሽ ደረጄ ጆሮ ተጠግቼ «ጋሼ፣ መልስ ስጡኝ ነው የሚሉት...» አልኩ።

«ዞር በይ ፈቲ! ገመዱን እዪ አንቺ!»

እሺ አልኩ፣ ገመዱን ልይ። ዕቃው የተደረደረበት ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ በእንብርክኬ ሄጄ ሣጥኗ ባለችበት በኩል ወጣሁ። ሳልቆም፣ እንደተንበረከክሁ፣ እጄን ብቻ ወደ ላይ ላክሁ። ተርታውን ፈታሁት። ሁለት ወር ለክቼ የደረደርኩትን ሁሉ በአንድ ቁልፍ በተንኩት፤ ቁራጮቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጣቴ ሥር ቀሩ።

መጀመሪያ አንድ ከበሮ ብቻ ለቀቅኩ፤ ዝቅ ያለ፣ የእግር ኮቴ የሚመስል። ሌላ ምንም የለም። ኪሩቤል እጁን ከኪቦርዱ አነሣ። አዮ ዘሀራ ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ጠበቁ፤ ከዚያ ጀመሩ። የሙሽራዋን አባት፣ የአባቱን አባት፣ አያትየውን፣ የአያትየውን ግመሎች ሳይቀር አነሱ። እኔ መቁጠር ትቼ ትከሻቸውን አየሁ። ቃላቸውን ሊጨርሱ ሲሉ ትከሻቸው ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ጭብጨባውንና ቤዙን አንድ ላይ ጣልኩት። ሕዝቡ ተቀበለ። ድንኳኑ ተነሣ ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ቸኮልኩ። ትከሻቸው የወረደ መሰለኝና ቀድሜ ገባሁ። ዘፈኑን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ፤ መጀመሪያ ያዩኝ ሰው እሳቸው ናቸው። በግጥሙ ውስጥ አንድ መስመር ጨመሩ፤ ጠረጴዛ ሥር ያለችው ልጅ የውሃ ወረፋ ሊያመልጣት ነው ወይ የምትሮጠው አሉ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ሆን ብለው ይፈትኑኝ ጀመር፤ አንዱን መስመር ያረዝሙታል፣ አንዱን በሦስት ቃል ይቆርጡታል። ያዝኳቸው። አንዳንዴ ምንም ሳልለቅ ዝም አልኩ፤ እግራቸው ብቻ ይሰማ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ጉልበቴ ጠጠር ላይ ሆኖ ተልጦ ነበር፤ ያየሁት ቤት ስገባ ነው።

ሲያልቅ የሙሽራው አጎት እየሳቁ መጡ። «አሁን የመታው ማነው?»

ጋሽ ደረጄ የኪሩቤልን ትከሻ አቀፈ። «ኪሩ ነዋ! ኪሩቤል። ላይቭ ነው የመታላችሁ።»

«እና ያቺ ልጅ?»

እኔ እዚያው ነኝ። ጉልበቴን አቧራ ለብሶ፣ እጄ ሣጥኗ ላይ።

«እሷማ ገመድ ልታስተካክል ነው የገባችው። ማሽኑ ነው የሚሠራው፤ ማንም ይጫነው።»

አሁን ይሄን ነገር እስቲ አብረን እንየው። ኪሩቤል ሲሆን ላይቭ መታ። እኔ ስሆን ማሽኑ ሠራው። በአንድ ትንፋሽ! ኪሩቤል ደግሞ «ኧረ እኔ አይደለሁም» አላለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ምስጋናውን ወሰደው። እኔስ? እንደተንበረከክሁ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። አዮ ዘሀራ ግን በሰው መሃል ሰንጥቀው መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱ። አማርኛቸው የተሰባበረ ነው። «ኢንተላ ቲያ፣ እጅ ያንቺ ጆሮ አለው» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። አለቀስኩ። ጋሽ ደረጄ «ምን ሆነች ደግሞ?» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በፊት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳጠና ነው ያደርኩት። እንደገባን ሣጥኗን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ከስልኬ ጋር በገመድ አገናኘኋት።

ኪሩቤል «አምጪያት፣ ላጽዳት» አለ።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ» አልኩ። «እየቀዳኋቸው ነው።»

«ምኑን?»

«ዘፈኖቼን።»

ጋሽ ደረጄ ከወንበሩ ቀና አለ። «ዘፈኖቼን? ማሽኑ የማን ሆነና?»

ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር፤ ሙሉውን ተናገርኩት። «ማሽኑ የእርስዎ ነው። ዘፈኖቹ የእኔ ናቸው። አንዱንም ማሽኑ አልሠራውም።»

«ወይ ጉድ!» አለ ኪሩቤል። «ፈቲያ አፍ አላት እንዴ!»

«ትናንት የመታሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አንተም ታውቃለህ።»

ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ጋሽ ደረጄ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ሥራ እንደሌለኝ ነገረኝ። እኔ ሣጥኗን አቅፌ ተጫንኩ። አሥራ አንዱም አንድ በአንድ ሄዱ፤ ሁለቱም ሳይፈልጉ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ኪሩቤል አጠፋቸው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሲቆይ ዘፈኖቼ ያሉባቸው ቁልፎች መብራት በተራ ጠፋ። አሥራ አንዱንም ቆሜ አየሁ። ዓይኔን አላነሣሁም።

የቀዳሁት ስልኬ ላይ አለ። ነገር ግን ይሄም ነገር ይግባችሁ፤ የተቀዳ ዘፈን አይፈታም። ቁራጩን ከቁራጩ ለይቼ ለአዮ ዘሀራ እንደመለስኩላቸው ለሌላ ሰው ልመልስበት አልችልም። እንዳለ ይሰማል፣ በቃ። ስለዚህ ከዜሮ ጀምሬያለሁ፤ ማያው በተሰነጠቀ ስልክ፣ ለጣቴ በሚጠቡ ቁልፎች። አሁን ለሸጎዬ ስምንት ምት አልተውም። ቦታውን ክፍት እተወዋለሁ፤ ሰውዬው እስኪጨርስ ከበሮው በዝቅታ ይጠብቃል። ይህን ያስተማሩኝ አዮ ዘሀራ ናቸው። ቅንብሬ ጥፋት ነበረው፤ ሰው በቁጥር የሚተነፍስ መስሎኝ ነበር።

ግን እናንተ «ላይቭ ነው እውነተኛው፣ የተቀናበረው ውሸት ነው» የምትሉ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ያን ቀን ከእጄ የወጣው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ የሠራኋቸው ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዱ የት እንዳለ ባላውቅ ኖሮ የትኛውን ልተው? የትኛውን ልልቀቅ? በቦታው መፍጠር የሚችል ሰው ቤቱ ውስጥ ማንም ሳያየው የደከመ ሰው ነው። የምትጠርግ ልጅ ስትሠራው ማሽኑ ሠራው ትላላችሁ፤ ኪቦርድ የያዘ ወንድ ሲነቀንቅበት አርቲስት ትሉታላችሁ። በየሱቁ፣ በየፋብሪካው፣ በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር የተንበረከከች አንዲት ልጅ አለች። ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እናንተም ልጆች፣ እንደ እኔ ሁለት ዓመት ዝም አትበሉ።

ዛሬም «ወራጅ አለ» ማለት ያሳፍረኛል። ግን እላለሁ።

ያን ሰኞ ልብሴንና ስልኬን ይዤ ልወጣ በሩ ላይ ስደርስ የጋሽ ደረጄ ስልክ ጮኸ። የሙሽራው አጎት ነበሩ፤ ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል። አርብ ጀልዴሳ ሌላ ድግስ አለ፤ ማሽኑን ብቻውን አትላኩ፣ ኪቦርድም ይቅርብን፣ ያቺን ልጅ ላኩልን፣ ማን ብለን እንጥራት እያሉ ነው። ጋሽ ደረጄ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከድኖ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤

«ፈቲ... የአባትሽ ስም ማን ነበር?»